ማን ይንገሥ? የሥልጣን ሽኩቻ በሳይንስ ፊክሽንና በፋንታሲ፣ ከደሴ ሲነበብ

በሳይንስ ፊክሽንና በፋንታሲ ልብወለዶች ውስጥ የሥልጣን ሽኩቻን ያህል ብዙ ገጽ የሚበላ ጉዳይ ጥቂት ነው። መንኮራኩሩ ከኮከብ ኮከብ ይብረር፣ ዘንዶው እሳት ይትፋ፣ ዞሮ ዞሮ ጥያቄው ያው ነው። ማን ይግዛ? በምን መብት? ደሴ ውስጥ እነዚህን መጻሕፍት የሚያነቡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፊልሙ ነው። ተከታታዩን በፍላሽ አስጭነው ያዩታል። ታሪኩ ሲጥማቸው እንግሊዝኛውን ፒዲኤፍ ከቴሌግራም ያወርዳሉ። ስለ ሩቅ ዓለም የሚያነቡ ይመስላቸዋል። የወሎን ታሪክ ከአያቱ የሰማ አንባቢ ግን ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል።

ከድሮዎቹ እንጀምር። ጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ነው። እዚያ ውስጥ ጎንዶር የሚባል መንግሥት አለ። የነገሥታቱ ዘር ከተቋረጠ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። አገሩን የሚገዙት እንደራሴዎች ናቸው። ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ዙፋኑ ላይ ግን አይቀመጡም። ወንበራቸው ከዙፋኑ ደረጃ ግርጌ ነው። ቦሮሚር የሚባለው የእንደራሴው ልጅ በልጅነቱ አባቱን ይጠይቃል፤ ንጉሡ ካልተመለሰ እንደራሴ ንጉሥ ለመሆን ስንት መቶ ዓመት ይፈጅበታል? አባትየው ሌላ አገር ቢሆን ጥቂት ዓመት ይበቃል፣ ጎንዶር ግን አሥር ሺህ ዓመትም አይበቃ ይለዋል።

ይህን ያነበበ የወሎ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጎንዶርና ጎንደር ከስም መመሳሰል ያለፈ ዝምድና አላቸው አልልም። ግን በዘመነ መሳፍንት ወረሼሆች የሚባሉት የየጁ ገዥ ቤተሰብ የሆኑት ይህንኑ ነበር። እነ ራስ ጉግሳና እነ ራስ አሊ ጦሩም ግብሩም በእጃቸው ነበር። ጎንደር ግቢ ውስጥ ደግሞ ስም ብቻ የቀረው ንጉሠ ነገሥት ይቀመጥ ነበር። ያወርዱታል፣ ሌላ ያነግሣሉ። ራሳቸው ግን ንጉሠ ነገሥት አልሆኑም። ጉልበት ኖሮ የዘር ሐረግ ከሌለ ዘውዱ ራስ ላይ አይረጋም። ፋንታሲ ይህን ነገር ደጋግሞ ይጠቀምበታል። «የጠፋው አልጋ ወራሽ ተገኘ» የሚለው ታሪክ የተሰለቸውም ከዚህ የተነሳ ነው። እኔንም ሰልችቶኛል።

ሁለተኛው የሥልጣን መሣሪያ መያዣ ነው። ያሸነፍከውን ባላባት ልጅ ወስደህ ቤትህ ታሳድገዋለህ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፈረስ ይማራል። አባቱ ካመፀ ግን አንገቱ የአንተ ነው። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1996 በጀመረው «የበረዶና የእሳት መዝሙር» ውስጥ ቲዮን ግሬይጆይ እንዲህ ያለ ልጅ ነው። አባቱ አምፆ ተሸነፈ። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ በጦርነቱ ሞቱ። እሱን የሰሜኑ ገዥዎች ስታርኮች ወስደው ከልጆቻቸው ጋር አሳደጉት። ሮብ ስታርክ ሲነግሥ እናቱ እየከለከለችው ቲዮንን ለመልእክት ወደ አባቱ ይልከዋል። መያዣውን በገዛ እጁ ለቀቀ ማለት ነው። አባትየው ወዲያው የስታርኮችን አገር ወረረ። ቲዮን ራሱ ያደገበትን ግንብ ያዘ።

ለዚህ ምሳሌ መቅደላ ይበቃል። አምባው ደቡብ ወሎ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ወጣቱን ምኒልክንና ሌሎች የባላባት ልጆችን እዚያ ይዘው ነበር። የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ልጅም ከእነሱ አንዱ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ አምልጦ የገባው ወርቂት ዘንድ ነው። አስቡት። የሌላ ሰው ልጅ እሷ እጅ ገብቷል፣ የራሷ ልጅ ቴዎድሮስ እጅ ነው። እሷ ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። ቴዎድሮስ ልጇን አስገደሉት። የማርቲን መጽሐፍ በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች አሉት። ከዚህ የከበደ ምርጫ የገጠማት እናት እዚያ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ማርቲን ራሱ መነሻው የእንግሊዞቹ የጽጌረዳ ጦርነቶች ናቸው። ለዙፋን የተዋጉት የላንካስተርና የዮርክ ቤተሰቦች በሱ ብዕር ላኒስተርና ስታርክ ሆነዋል። ወሎ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ መነሻ አይቸግረውም ነበር። በነገራችን ላይ አምስተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣ ወዲህ ስድስተኛውን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ሦስተኛው የሀብት ጉሮሮ ነው። በዚህ የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» የሚያክል የለም። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በረሃማዋ ፕላኔት አራኪስ ላይ ብቻ የሚገኝ አንድ ቅመም አለ። ያለሱ መርከብ ነጂዎቹ በኮከቦች መካከል መንገድ አያገኙም። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ታላላቆቹ ቤቶችና የነጂዎቹ ማኅበር እርስ በርስ ተፋጠው ይኖራሉ። ኃይለኛው ማን እንደሆነ መጽሐፉ ሲያልቅ ይታያል። ወጣቱ ፖል አትሬይዲስ ቅመሙን ለዘላለም አጠፋዋለሁ ብሎ ያስፈራራል። ሁሉም እጅ ይሰጣል። ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ከከተማው በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድ ላይ የሚመላለሰውን የጭነት መኪና ያየዋል። አሰብ በ1990 ዓ.ም. ሲዘጋ አካባቢው ምን እንደሆነም የሚያስታውስ አለ።

ኸርበርት ሌላም ነገር አይቷል። ቤኔ ጄሰሪት የሚባሉት ሴቶች ጋብቻን ለትውልዶች ያቅዳሉ፤ ማን ከማን እንደሚወልድ ይወስናሉ። በየፕላኔቱም አዳኝ ይመጣል የሚል ትንቢት አስቀድመው ይዘራሉ። ፖል እዚያ ሲደርስ ሕዝቡ የሚጠብቀው ሰው ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። በመጨረሻም የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ያገባል። ፍቅር የለበትም፤ ዙፋኑን በሕግ ለመውረስ ነው።

ጋብቻና ሃይማኖት ዙፋን ሲሠሩና ሲያፈርሱ ደሴም አይታለች። በ1870 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስና ምኒልክ ጉባኤ ተቀመጡ። የወሎው መሐመድ አሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ። ኋላ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገባ። ልጃቸው ኢያሱ የአያቱን አልጋ ወረሰ። ሚካኤልም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባለ። ያሠራው አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም የደሴ መታወቂያ ነው። ልጅ ኢያሱ ግን ዘውድ ሳይደፋ ቀረ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ቀይሯል ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፎ ተማረከ። ሰይፉ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ነገሩ ያለቀው አዲስ አበባ ላይ አዋጁ ሲነበብና ውግዘቱ ሲሰማ ነበር። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል፤ ኢያሱ ግን ተከሰሰ።

የአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» ሃይማኖትን ከዚህ በቀዘቀዘ ዓይን ያየዋል። ታሪኮቹ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በመጽሔት ወጥተው በ1951 መጽሐፍ ሆኑ። መነሻው ኤድዋርድ ጊበን ስለ ሮም ውድቀት የጻፈው ታሪክ ነው። ግዙፉ የኮከቦች መንግሥት ይፈርሳል። ሃሪ ሴልደን የሚባል ሊቅ መፍረሱን በሒሳብ አስቀድሞ አውቆ፣ ከዳር ባለች ፕላኔት ላይ ምሁራንን ያሰፍራል። ጦር የላቸውም። ጎረቤቶቻቸው ግን የኒውክሌር ዕውቀት ጠፍቶባቸዋል። ስለዚህ ዕውቀቱን የሃይማኖት ካባ አልብሰው፣ ማሽኑን የሚነካው ካህን ብቻ ነው ብለው ይሰጧቸዋል። አንዱ ጎረቤት መንግሥት ሊወጋቸው ሲነሳ ካህናቱ ሥራ ያቆማሉ፣ መብራቱም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ሁጎ የሚባለው የሳይንስ ፊክሽንና የፋንታሲ ሽልማት ይህን ተከታታይ የዘመናት ሁሉ ምርጥ ብሎ ሲሸልመው፣ ከተሸነፉት አንዱ «የቀለበቶቹ ጌታ» ነበር። እኔ ብሆን አልስማማም። አሲሞቭ ሰው መሳል አይችልበትም።

ዙፋን የሌለበትም ሽኩቻ አለ። የኧርሱላ ለ ግዊን «የተነፈጉት» (እ.ኤ.አ. 1974) መንግሥትም የግል ንብረትም የሌለበት ማኅበረሰብ ያሳያል። እዚያም ቢሆን ሥልጣን ይበቅላል፣ በይሉኝታና በኮሚቴ በኩል። ኤን. ኬ. ጄሚሲን ደግሞ መሬት መንቀጥቀጥን ማዘዝ የሚችሉ ሰዎችን ባሪያ አድርጎ የሚይዝ ሥርዓት ፈጥራለች። የዚህ ታሪኳ ሦስቱም ቅጾች በተከታታይ ዓመታት ሁጎን ወስደዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018።

የዘውጉ ትልቅ ድካም ከንግሥናው በኋላ ያለውን መዝለሉ ነው። ማርቲን በአንድ ቃለ ምልልስ የቶልኪኑ ንጉሥ አራጎርን የግብር ፖሊሲው ምን ነበር ብሎ ጠይቋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምጨምረው ሠራዊቱን ማን አበላ የሚል ነው። በእኛ ታሪክ መልሱ ይታወቃል፤ ገባሩ ነው። በልብወለዶቹ ውስጥ ገበሬ የሚታየው ቤቱ ሲቃጠል ብቻ ነው። ኸርበርት ቢያንስ ሒሳቡን አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው ቀጣይ መጽሐፍ ፖል በስሙ በተካሄደው ጦርነት 61 ቢሊዮን ሰው መሞቱን ራሱ ይናገራል።

በአማርኛ ዘውጉ ቀጭን ነው፣ ግን አለ። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» ከእናቱ ማህፀን ሆኖ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከር ፅንስ አለ። ምናባዊ ቢሆንም ማንን እንደሚናገር ሁሉም ገብቶታል። መጽሐፉ ተሰብስቦ ተቃጠለ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደግሞ የጣና ገዳማትን ከሳይንስ ምኞት ጋር ያገናኘ፣ እጅ በእጅ የተነበበ መጽሐፍ ነው።

ከየት እጀምር ለሚል፦ «ፋውንዴሽን» አጭር ነው፤ እንግሊዝኛውም ቀላል ነው። «ዱን» ይከብዳል፣ ግን ከኋላው መፍቻ አለው። መድረሳ የገባ አንባቢ እነ ማህዲንና ጂሃድን መፍቻ ሳያይ ያውቃቸዋል። የማርቲን መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የየቤቱ የቤተሰብ ዝርዝር አለ። መጀመሪያ እሱን ገልጦ ማየት ይሻላል፤ ካልሆነ በመቶ ገጽ ውስጥ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋል።