ፀረ-ነፍሳት ኬሚካሎች የእንቁራሪትን አንጎል እንዴት ይጎዳሉ?

እንቁራሪት ውኃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፤ በከፊልም በቆዳዋ ትተነፍሳለች። ስለዚህ ኩሬ ውስጥ የገባ ፀረ-ነፍሳት ኬሚካል ሰውነቷ ውስጥ ለመግባት ብዙም አይቸገርም። አብዛኞቹ እነዚህ ኬሚካሎች የተሠሩት ደግሞ የነፍሳትን ነርቭ እንዲመቱ ነው። የእንቁራሪት ነርቭም በብዙ ነገሩ ከነፍሳቱ ጋር ይመሳሰላል።

በደንብ የሚታወቁት እንደ ማላቲዮንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉት፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ-ነፍሳት ናቸው። የነርቭ ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱ አሴቲልኮሊን ነው። ተመራማሪው ኦቶ ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ነርቭ ልብን በኬሚካል እንደሚያዝዝ ያሳየውም በእንቁራሪት ልብ ላይ ነበር። በጤናው ጊዜ መልእክቱ ሲደርስ አንድ ኢንዛይም አሴቲልኮሊኑን ወዲያው ይሰባብረዋል። መርዙ ግን ኢንዛይሙን ሽባ ያደርገዋል። አሴቲልኮሊን ይከማቻል፣ ተቀባዩ ሴል ያለ እረፍት ይቀሰቀሳል፣ በመጨረሻ ደክሞ ዝም ይላል። እንቁራሪቷም መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትዝላለች። የሚገርመው ማላቲዮን ራሱ ደካማ ነው። ጉበት ነው ማላኦክሰን ወደሚባል የባሰ መርዝ የሚለውጠው።

ካርባሪልን የመሳሰሉ፣ ካርባሜት የሚባሉ ሌሎች ፀረ-ነፍሳትም ያንኑ ኢንዛይም ይይዛሉ፤ ግን ቶሎ ይለቁታል።

ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ፀረ-ነፍሳትና ዲዲቲ መንገዳቸው ሌላ ነው። ሶዲየም ወደ ነርቭ ሴል የሚገባበትን በር ቶሎ እንዳይዘጋ ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ምልክት መላክ የነበረበት ነርቭ ደጋግሞ ይልካል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብሳል። የሰውነቷ ሙቀት ከአካባቢው ጋር ለሚወርድ እንስሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት ኬሚካሎች ተርታ የገባው ኢንዶሰልፋን በበኩሉ ጋባ የተባለውን የአንጎል ፍሬን ያግዳል። ውጤቱ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማይገድለው መጠን ነው። ጭራ ያለው የእንቁራሪት ዕጭ በሕይወት ይኖራል፤ ግን ክብ እየሠራ ይዋኛል፣ ጠላት ሲመጣበት ለማምለጥ ይዘገያል። በጥቂት ክሎርፓይሪፎስ ውስጥ ባደጉ ዕጮች ላይ የአንጎላቸው ቅርጽ ጭምር ተለውጦ ታይቷል። የሞቱትን ብቻ የሚቆጥር ሙከራ ይህን ሁሉ አያይም።

ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚለኩት አንጎል ውስጥ ያለውን የዚያን አሴቲልኮሊን ሰባሪ ኢንዛይም ሥራ ነው። ችግሩ፣ የእንቁራሪት ኢንዛይም ከብዙ እንስሳት ይልቅ ኦርጋኖፎስፌትን ይቋቋማል። ስለዚህ ልኬቱ ደህና ቢመስልም አዋዋኗንና ለአደጋ የምትሰጠውን ምላሽ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።