ገነትና መንግሥተ ሰማያት አንድ ናቸውን?

በጎጃም ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ይሰማል፦ አንዱ «ነፍሷን በገነት ያኑርልን» ሲል ሌላው «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» ይላል። ብዙዎች አንድ ቦታ ይመስላቸዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው።

ሰው ሲሞት ሥጋው ወደ መቃብር፣ ነፍሱ ወደ ማረፊያዋ ትሄዳለች። የጻድቃን ነፍሳት ማረፊያ ገነት፣ የኃጥአን ደግሞ ሲኦል ነው። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ለወንበዴው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ያለው ይህንን ነው፤ «ዛሬ» የሚለውን ልብ ይሏል። ነፍስ አታንቀላፋም፣ በደስታ ወይም በጭንቀት ትጠብቃለች።

የምትጠብቀው ትንሣኤ ሙታንን ነው። ክርስቶስ ዳግመኛ ሲመጣ ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው ይነሣሉ፣ ፍርድም ይሰጣል። «የተዘጋጀላችሁን መንግሥት ውረሱ» የሚለው ቃል የሚሰማው ያን ጊዜ ነው (ማቴዎስ 25፥34)። ስለዚህ መንግሥተ ሰማያትን ገና ማንም አልወረሳትም፣ ቅዱሳንም ቢሆኑ። እኔን እጅግ የሚያጽናናኝም ይህ ነው፤ የጥንቶቹ አባቶች «ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ» እየጠበቁን ናቸው (ዕብራውያን 11፥40)። ገሃነመ እሳትም እንዲሁ ከፍርድ በኋላ ነው።

ጸሎተ ፍትሐትና የአርባ ቀን ተዝካር ትርጉም የሚኖራቸው የመጨረሻው ፍርድ ገና ስላልተሰጠ ነው። ለሟች የሚጠቅሙት ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ናቸው። ለድግሱ ብሎ በሬ ሸጦ ዕዳ ውስጥ የሚገባ ገበሬ ሳይ ያሳዝነኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን አልጠየቀችውም።