የሬዲዮ ሞገድ መጠላለፍና መቀነሻ መንገዶቹ

መጠላለፍ የሚባለው ተቀባዩ የሚፈልገውን ሲግናል ሌላ ሲግናል ወይም ጫጫታ ሲሸፍንበት ነው። ዳታው ይበላሻል፣ እንደገና ይላካል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ተጠቃሚው የሚያየው የተንቀራፈፈ ኔትወርክ ብቻ ነው።

ቀዳሚው መላ ለእያንዳንዱ አስተላላፊ የራሱን ፍሪኩዌንሲ መስጠት ነበር። ፍሪኩዌንሲ እየቀያየሩ መላክም ቀደም ብሎ ታስቧል። ተዋናይቷ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል እ.ኤ.አ. በ1942 ለቶርፔዶ መቆጣጠሪያ 88 ፍሪኩዌንሲዎችን የሚጠቀም ፓተንት አግኝተዋል። ላማርን «የዋይፋይ እናት» የሚሏት አሉ። ይህ ግን ትንሽ ተጋኗል፤ የዛሬው ዋይፋይ ከፍሪኩዌንሲ ፍሪኩዌንሲ አይዘልም።

ትልቁ ታሪክ ያለው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ጨምሮ ሦስት ባንዶችን ያለ ፈቃድ ለሚሠሩ የዳታ መሣሪያዎች ከፈተ። ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ነው የሚሠራው። ዋይፋይ በዚህ ግርግር ውስጥ ማደጉ የመሐንዲሶቹን ብልሃት ይመሰክራል።

ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ከመላክ በፊት ማዳመጥ። ቻናሉ፣ ማለትም መሣሪያው የሚልክበት የባንዱ ክፍል፣ ከተያዘ መሣሪያው ይጠብቃል፤ ነፃ ሲሆን በዕጣ የደረሰውን አጭር ጊዜ ቆይቶ ይልካል። ሁለት ስልኮች ራውተሩን እየሰሙ እርስ በርስ ካልተሰሙ ግን ይህ አይሠራም። ለዚህ «ልላክ?» «ላክ» የሚል አጭር ምልልስ አለ። እሱም ራሱ ጊዜ ይበላል።

የቻናል ምርጫም አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ይራራቃሉ፤ አንዱ ሲግናል ግን 20 ሜጋኸርዝ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ይመረጣሉ። 13 ቻናል በተፈቀደበት አገር 1፣ 5፣ 9፣ 13 ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ 6 ላይ ከሆነ ግን ጥቅሙ አጠያያቂ ነው። በተጨናነቀ ሰፈር 40 ሜጋኸርዝ ስፋት መክፈት ደግሞ ያለ ጥርጥር ስህተት ነው።

ብሉቱዝ በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ይዘላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የተጨናነቁትን ቻናሎች እየለየ ያልፋቸዋል። በ5 ጊጋኸርዝ አንዳንድ ቻናሎች ላይ ራውተር ራዳር ከሰማ ቻናሉን መልቀቅ አለበት። የሞባይል ኔትወርኮች ኃይልን በመቆጣጠርና ፍሪኩዌንሲን በሴሎች (እያንዳንዱ አንቴና በሚሸፍናቸው አካባቢዎች) መካከል በማከፋፈል መጠላለፉን ይቀንሳሉ።

አንዳንዴ ጠላቱ ሬዲዮ እንኳ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ዩኤስቢ 3.0 በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ ላይ ጫጫታ እንደሚረጭ አሳይቷል። ገመድ አልባ ማውስ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው፤ የማውሱን ሪሲቨር በኤክስቴንሽን ኬብል ከዲስኩ ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።