የሮዶደንድሮን በሽታ ሁሉ ጥም አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሮዶደንድሮን የሚባለው ባለ አበባ ቁጥቋጦ ታሞበት የሚመጣ ሰው ወሬውን የሚጀምረው በአንድ ነገር ነው፦ «ኧረ ውሃስ አላጓደልኩበትም!» ልክ ነው፣ አላጓደለበትም። ተክሉን የገደለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እንዲህ ስል የሚቀየም አለ። ግን የዚህን ተክል ችግኝ እያፈላ የሚሸጥና ሲታመም የሚጠራ ሰው ያው ስህተት ሲደጋገምበት ትዕግስቱ ማለቁ አይቀርም። ሮዶደንድሮን ቅንጡ ነው፣ ለባለሙያ ካልሆነ አይሆንም የሚል ስም ወጥቶለታል። ከ1,000 በላይ ዝርያ ያለው፣ ከሂማላያ ተራሮች እስከ ኒው ጊኒ ጉም የማይለያቸው ደኖች ድረስ ማንም ሳይንከባከበው የሚያብብ ተክል እንዴት ቅንጡ ይባላል? ፍላጎቱ ጥቂት ነው። ችግሩ ለጽጌረዳና ለቲማቲም የለመድነውን እሱም ላይ መጫናችን ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስና ወደ ዋናው ልሂድ።

«አዛሊያ ሌላ ተክል ነው»

አይደለም። ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለያይቶ መዝግቧቸው ነበር፤ ዛሬ ግን አዛሊያ ራሱ ሮዶደንድሮን ውስጥ ነው የሚመደበው። ከዚህ በታች የምለው ለሁለቱም ይሠራል።

«የጥላ ተክል ነው፣ ፀሐይ አይወድም»

ድቅድቅ ጥላ ውስጥ ብትተክሉት አይሞትም፤ ግን ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ አበባውም ይነጥፋል። ከዚያ «ለምን አያብብም?» ትላላችሁ። የሚስማማው በረጃጅም ዛፎች ቅጠል መካከል ተንጠባጥቦ የሚደርስ ብርሃን ወይም የጠዋት ፀሐይ ነው። ቅጠሉ በሰፋ ቁጥር ጥላ ይፈልጋል፤ ከዛፍ ወሰን በላይ ባለ ተራራ ላይ የሚበቅሉት ቅጠለ ትናንሾቹ ግን ሜዳ ላይ ቢሆኑም ግድ የላቸውም።

«ጠወለገ ማለት ጠማው ማለት ነው»

እነሆ ዋናው። በዚህ አንድ እምነት የሞተው ሮዶደንድሮን በበሽታም በተባይም ከሞተው ይበልጣል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የዚህ ተክል ሥር ወደ ታች የሚጠልቅ ወፍራም ሥር አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ አብዛኛውም ከላይኛው 30 ሳንቲሜትር አፈር የማይወርድ ነው። ያ ሥር ውሃ የሚፈልገውን ያህል አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ውሃ ቋጥሮ ሲውል ሥሩ ይታፈናል፤ በታፈነው ሥር ላይ ደግሞ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ ይመጣል። የዚህ ተሐዋሲ ዘር ውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ ስለዚህ አፈሩን ባራሳችሁ ቁጥር መንገድ እየጠረጋችሁለት ነው። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም። ውሃ ያልደረሰው ቅጠል ደግሞ ይጠወልጋል፤ አጠወላለጉም ከተጠማ ተክል ጋር አንድ ነው። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ባልዲውን ያነሳል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ባልዲውን አስቀምጡ። የተጠማ ተክል ማታ ቢያጠጡት ጠዋት ቀና ብሎ ያድራል፤ ሥሩ የበሰበሰ ግን ጎህ ሲቀድም አንገቱን እንደደፋ ነው። ይህም ካላሳመናችሁ አፈሩን ከግንዱ ግርጌ ገለል አድርጉና ልጡን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉ። ከልጡ በታች አረንጓዴ ከታየ ተስፋ አለው። ቀይ ቡናማ ሆኖ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ነቅላችሁ አስወግዱት፤ በዚያው ጉድጓድም ሌላ ሮዶደንድሮን አትትከሉ።

አሁን «ታዲያ አላጠጣም» የሚል ይመጣል። እሱም ሌላ አደጋ ነው፤ በተለይ ገና የተተከለ ከሆነ። ችግኙ የሚሸጥበት ማሰሮ ብዙ ጊዜ የተሞላው ፒት በሚባለው ከረግረግ መሬት በሚወጣ ብስባሽ ነው። ፒት አንዴ ጭው ብሎ ከደረቀ ውሃ እምቢ ይላል፤ ብታፈሱበት በጎን ይንሸራተታል እንጂ አይገባበትም። አንዲት ደንበኛዬ ከተከለች ወራት ያለፈው ተክል ደርቆባት ጠራችኝ። በዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ነበር። ስነቅለው የሥሩ ጓል የማሰሮውን ቅርጽ እንደያዘ፣ የማሰሮው ግርጌ ቀለበት ሳይቀር ታትሞበት ወጣ። አንድም ሥር ወደ ውጭ አልተሻገረም። ለሁለት ስሰነጥቀው መሃሉ አቧራ ነበር። ሴትዮዋ እውነቷን ነው፣ በየቀኑ አጠጥታለች፤ ያጠጣችው ግን ተክሉን ሳይሆን ጎረቤቱን አፈር ነው።

ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ማሰሮውን እንዳለ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ንከሩት፣ የአየር አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም። ከዚያ የተጠላለፈውን ሥር በጣት ፈታ ፈታ አድርጉ፤ እንቢ ካለ ጎን ጎኑን በቢላ ሰንጥቁት። አትሳሱለት፣ ከተቆረጠበት አዲስ ሥር ያወጣል።

ጥልቀቱስ? እዚህ ላይ ነው ልምድ አለኝ የሚለው ሰው የሚያስቸግረኝ። ስንት ዛፍ ተክለው ያጸደቁ አንድ አዛውንት «ነፋስ እንዳይጥለው» ብለው ግንዱን እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ቀብረውት አገኘሁ። ሮዶደንድሮንን መቅበር ማነቅ ነው። የሥሩ ጓል አናት ከመሬቱ እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ማለት አለበት። አፈሩ ሸክላማ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ጉድጓድ አትቆፍሩ። ሸክላ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ በለስላሳ ብስባሽ መሙላት ማለት ውሃ የሚያቁር ገንዳ መሥራት ነው። መሬቱ ላይ ጉብታ አበጁና ጉብታው ላይ ትከሉ።

«ኩትኮታ ያስፈልገዋል»

አያስፈልገውም! ሥሩ እኮ መኮትኮቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ያለው። አረሙን በእጅ ንቀሉ፤ የዛፍ ቅርፊት፣ የደረቀ ቅጠል ወይም የጥድ መርፌ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ውፍረት ጎዝጉዙለት፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። ከዚያ ተዉት።

«ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ርቦታል»

የትኛው ቅጠል? ብዬ ስጠይቅ መልስ የለም። ታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከረገፈ ዕድሜው ነው፤ ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ ተክል ቅጠል አያረግፍም ያለ ማነው? አንድ ቅጠል ሁለት ሦስት ዓመት አገልግሎ ይወድቃል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ያ የብረት እጥረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) ከፍ በማለቱ ተቆልፎበታል እንጂ። ሮዶደንድሮን የሚወደው ፒኤች ከ4.5 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነው። በዚህ ላይ ማዳበሪያ ብትጨምሩ ያንን ፀጉር የመሰለ ሥር ታቃጥሉታላችሁ፣ ቢጫነቱ ግን እዚያው ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ከዚያ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከሲሚንቶ ግድግዳ ጥግ የተተከለ ሮዶደንድሮን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ፒኤቹን ከፍ የሚያደርግ ኖራ ይጠጣል። የቧንቧችሁ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነም እንደዚያው፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከብዙ መድኃኒት ይሻላል። ፒኤቹን ለማውረድ ድኝ ይሠራል፤ ግን የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ እስኪለውጡት ወራት ይፈጃል። ሃይድራንጂያ የሚባለውን አበባ ሰማያዊ ለማድረግ የሚጨመረውን አሉሚኒየም ሰልፌት አታምጡብኝ፤ አሉሚኒየሙ ሲጠራቀም ሥሩን ይመርዛል። መሬታችሁ ከነተፈጥሮው የኖራ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ትግሉን ተዉትና በማሰሮ ወይም ከፍ ባለ መደብ ላይ አሳድጉት።

«የቡና አተላ አፈሩን አሲድ ያደርጋል»

አሲዱን ጠጥታችሁታል። ከተፈላ በኋላ የሚቀረው አተላ አሲድነቱ ከገለልተኛ ብዙም አይርቅም። ለኮምፖስት ጥሩ ነው፤ በወፍራሙ ከተነጠፈ ግን ደርቆ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይሆናል። የጥድ መርፌም ግሩም ጉዝጓዝ ነው እንጂ የአፈሩን ፒኤች ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይቀይርም። ኮምጣጤ? ኮምጣጤውን ለሰላጣችሁ።

«በብርድ ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ሞተ»

ውርጭ ባለበት አገር ብዙዎቹ ዝርያዎች ቅጠላቸውን ጠቅልለው ወደ ታች ያንጠለጥላሉ። ራሳቸውን የሚከላከሉበት መንገድ ነው። አየሩ ሲሞቅ ይዘረጋሉ። አትንኩት።

«አይገረዝም»

ይገረዛል፤ ጊዜው ነው የሚሳተው። የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ የሚቋጠረው ያሁኑ አበባ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ዘግይታችሁ ከገረዛችሁ የምትቆርጡት የከርሞውን አበባ ነው። አበባው እንደረገፈ ወዲያው ግረዙ። የደረቀውን የአበባ ዘለላ ለማንሳት መቀስ አያስፈልግም፤ የሚያጣብቀውን የዘለላውን ዘንግ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ሰበር ስታደርጉት ቀጭ ብሎ ይወጣል። ከዘለላው ግርጌ ዙሪያውን የተደረደሩትን ትናንሽ ቡቃያዎች ግን አብራችሁ እንዳታነሱ፤ የአዲሱ ቅርንጫፍ መነሻ እነሱ ናቸው።

«መርዙ ተረት ነው»

ተረት አይደለም። ግሬያኖቶክሲን የሚባለው መርዝ በብዙዎቹ ዝርያዎች ቅጠልም አበባም ውስጥ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለፉ የግሪክ ወታደሮች ከዚሁ ተክል የተቀሰመ ነው የሚባል ማር በልተው መቆም አቅቷቸው እንደነበር አብሯቸው የነበረው ዜኖፎን ጽፏል፤ አልሞቱም፣ ከቀናት በኋላ ተነሥተዋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ልጅ እንዳይነካው ብሎ የሚያጥር አለ። መንካት ምንም አያደርግም፣ መብላት ነው የሚጎዳው። ይልቅ ስትገርዙ የቆረጣችሁትን ቅርንጫፍ በጎችና ፍየሎች የሚደርሱበት አጥር ላይ አትጣሉ፤ በየጊዜው እንስሳ የሚመረዘው በዚህ መንገድ ነው።