«የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት»፦ ያሳሳተው ስም

የአንጎል በሽታ መጠሪያ የሆነው ፓርኪንሰን የሰው ስም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ስድስት ሕሙማን ጻፈ። የሚገርመው፣ ሁለቱን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው፤ አንዱን ደግሞ ከሩቅ ብቻ ነው ያየው። በሽታውን «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» አለው። ግራ የሚያጋባውም ይኼ ነው። ሕመምተኛው ሽባ አይደለም፤ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ጡንቻው ይገተራል እንጂ። ደግሞ ሁሉም አይንቀጠቀጥም። ይህን ያስተዋለው ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ሻርኮ በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ።

የጎደለው ነገር የታወቀው ግን ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ቪየና ውስጥ ተመራማሪዎች የሟች ሕሙማንን አንጎል ሲመረምሩ ዶፓሚን የተባለው፣ የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል በጣም አንሶ አገኙት። ታዲያ ዶፓሚኑን ራሱን ለምን አይሰጧቸውም? ከደም ወደ አንጎል አያልፍማ! ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ግን ያልፋል፤ እዚያው ዶፓሚን ይሆናል።