ቱርክኛ ተናጋሪዎች የእንግሊዝኛን ፈሊጥና ከፍተኛ ቃላት የሚማሩበት መንገድ

በቱርክ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። ሰዋስዉን ጠንቅቆ ያወቀ ተማሪ ግን ጋዜጣ ሲያነብ ወይም ጥናታዊ ጽሑፍ ሲጽፍ ይቸገራል። የሚያስቸግሩት ፈሊጣዊ አነጋገሮች፣ ግስና መስተዋድድ ተጣምረው አዲስ ፍቺ የሚሰጡባቸው ጥምር ግሶች፣ እንዲሁም ከላቲንና ከግሪክ የመጡት የምሁራን ቃላት ናቸው። ቱርክኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥና እንግሊዝኛ በመስተዋድድ የሚገልጸውን በቅጥያ የሚገልጽ ቋንቋ ስለሆነ፣ ጥምር ግስ ከሁሉ ይከብዳል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በኦቶማን ዘመን የተማሩ ሰዎች የውጭ ቋንቋ በዋናነት ፈረንሳይኛ ነበር። ለእንግሊዝኛ መሠረት የጣለው ጄምስ ሬድሃውስ ነው። በ1826 ገና ልጅ ሳለ በመርከብ ወደ ኢስታንቡል የመጣው ይህ እንግሊዛዊ በኋላ በመንግሥቱ የትርጉም ቢሮ ሠርቷል። በ1890 ኢስታንቡል ውስጥ የታተመው የቱርክኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ዛሬም ወደር የሚገኝለት አይመስልም። ሮበርት ኮሌጅ የተባለው የአሜሪካውያን ትምህርት ቤት በ1863 ኢስታንቡል ውስጥ ተመሠረተ። በቦስፎረስ ዳርቻ ያለው ግቢው በ1971 ለመንግሥት ተላልፎ ቦአዚቺ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋነቱን ሳይለቅ እስከ ዛሬ በክብር ዘልቋል። በ1956 የተከፈተው የአንካራው የመካከለኛው ምሥራቅ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። በእነዚህ ተቋማት የቋንቋ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ወደ ሙያ ትምህርቱ ከመግባቱ በፊት በመሰናዶ ክፍል ይቆያል።

ያ የፈረንሳይኛ ዘመን ለዛሬው ተማሪ ጥቅምም ጉዳትም አውርሶታል። «ኦርጋኒዛስዮን»፣ «ሞቲቫስዮን» የመሳሰሉ ቃላት ቱርክኛ ውስጥ ስላሉ የእንግሊዝኛ አቻዎቻቸው ያለ ድካም ይገባሉ። በሌላ በኩል መልካቸው ተመሳስሎ ፍቺያቸው የተለያየ ቃላት አሉ። «አፓርትማን» በቱርክኛ ሙሉው ሕንፃ ነው፤ የእንግሊዝኛው አፓርትመንት ግን በሕንፃው ውስጥ ያለ አንድ መኖሪያ ነው። «ሴምፓቲክ» ደስ የሚል ሰው ሲሆን፣ ሲምፓቴቲክ የሰው ችግር የሚሰማው ነው። «አጃንዳ» የዕለት ማስታወሻ ደብተር እንጂ የስብሰባ መወያያ አይደለም። «ፓትሮን» አሠሪ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደንበኛ ወይም ደጋፊ ይሆናል። «ፓስታ» ደግሞ ኬክ ነው።

ከተናጠል ቃል ይበልጥ ስህተት የሚበዛው በቃላት ጉርብትና፣ ማለትም የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ በማወቅ ላይ ነው። «አችማክ» የሚለው ግስ በር መክፈትንም መብራት ማብራትንም ስለሚይዝ ተማሪው በእንግሊዝኛ «መብራቱን ክፈት» ይላል። «ቻልሽማክ» መሥራትም ማጥናትም ስለሆነ «እንግሊዝኛ ሠራሁ» ይላል። ሾርባ በቱርክኛም እንደ አማርኛ ይጠጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ይበላል። ሕልምም በሁለቱ ቋንቋዎች ይታያል፣ እንግሊዝኛ ግን «ሕልም ነበረኝ» ይላል። ከቅጥያ የሚመጣውም ስህተት ጥቂት አይደለም፦ ማግባት በቱርክኛ «ከ...ጋር» ስለሚል «ሜሪድ ዊዝ» ይባላል፤ ትክክሉ «ሜሪድ ቱ» ነው። መፍራት «ከ» የሚል ቅጥያ ስለሚወስድ «አፍሬድ ፍሮም» ይባላል፤ ትክክሉ «አፍሬድ ኦቭ» ነው።

በፈሊጥ በኩል ቀላሉ ሥዕሉ አንድ የሆነው ነው፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መምታት በሁለቱም ቋንቋ አለ። ቀጥሎ ሐሳቡ አንድ ሆኖ ሥዕሉ የተለየው ይመጣል። እንግሊዛዊ ከመጥበሻው ወጥቶ እሳቱ ውስጥ ሲወድቅ፣ ቱርካዊ ከዝናብ ሲሸሽ በረዶ ያገኘዋል፤ የእኛው ከድጡ ወደ ማጡ መሆኑ ነው። የማይሆን ነገር ለእንግሊዝ አሳማ ሲበር፣ ለቱርክ ዓሣ ዛፍ ላይ ሲወጣ ይሆናል። ውድ ዕቃ ለአንዱ «ክንድና እግር» ያስወጣል፣ ለሌላው «የእሳት ዋጋ» አለው። እነዚህ ጥንድ ሆነው ሲጠኑ ቶሎ ይያዛሉ።

አደገኛው ሥዕሉ አንድ ሆኖ ፍቺው የተገለበጠው ነው። «ሶኡክካንል» ቃል በቃል ቀዝቃዛ ደም ያለው ማለት ሲሆን፣ በቱርክኛ በጭንቅ ጊዜ የማይደናገጥ ሰው የሚመሰገንበት ቃል ነው። በእንግሊዝኛ «ኮልድ ብለድድ» የተባለ ሰው ጨካኝ ነው። «ስጃክካንል»፣ ማለትም ሙቅ ደም ያለው፣ በቱርክኛ ተግባቢ ሲሆን በእንግሊዝኛ ስሜቱ ቶሎ የሚግል ሰው ነው። ሐኪሙን ወይም አለቃውን ሊያመሰግን ብሎ ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ሳያስበው ይሳደባል።

የአጠናን ልማዱን ከምንም በላይ የቀረጸው ፈተናው ነው። «ዬዴሴ» የተባለው አገር አቀፍ የውጭ ቋንቋ ፈተና በ2013 ሁለት የቀድሞ ፈተናዎችን ተክቶ የመጣ ሲሆን፣ የሚያዘጋጀው የመለኪያ፣ የመረጣና የምደባ ማዕከል ነው። 80 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ አምስት አማራጭና 1.25 ነጥብ አለው፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ ስለዚህ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። በተለመደው አቀራረቡ 6 ጥያቄ ቃላት፣ 10 ሰዋስው፣ 10 ክፍት ቦታ መሙላት፣ 10 ዐረፍተ ነገር ማሟላት፣ 6 ትርጉም፣ 20 የንባብ መረዳት፣ 5 ንግግር፣ 4 ተቀራራቢ ፍቺ፣ 4 አንቀጽ ማሟላት፣ 5 ከአንቀጹ ጋር የማይሄደውን ዐረፍተ ነገር መለየት ነው። ንጹሕ ፈሊጥ እምብዛም አይጠየቅም፤ ጥምር ግስ ግን ይጠየቃል። ለዶክትሬት መግቢያ ዝቅተኛው ውጤት 55 ነው። በ2017 የተጨመረው «ዮክዲል» የተባለው ሌላ የቋንቋ ፈተና በጤና፣ በማኅበራዊና በተፈጥሮ ሳይንስ ተከፍሎ ይሰጣል። ሁለቱም ፈተናዎች መጻፍና መናገር ስለማይጠይቁ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ሰው አፉን ለመፍታት መቸገሩ የተለመደ ነው።

ቃላትን ከቱርክኛ ፍቺያቸው ጋር በዝርዝር መሸምደድ ያከራክራል። አንዳንድ መምህራን ጨርሶ ይነቅፉታል። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚዘጋጅ ካርድ ለመጀመሪያ ትውውቅ ፈጣን መሆኑን ይደግፋል፤ ጉዳቱ የሚመጣው እዚያው ሲቆም ነው። ለምሁራን ቃላት ጥሩ መነሻ በ2000 የወጣው የአቬሪል ኮክስሄድ ዝርዝር ነው፤ 570 የቃል ቤተሰቦች አሉት፤ ከጥናታዊ ጽሑፍ ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል።

ካርድ ሲዘጋጅ ከፊት ለፊት ቃሉ ብቻ ሳይሆን ክፍት ቦታ ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ከኋላ መልሱ፣ የቱርክኛ ፍቺው፣ ሁለት የተለመዱ ጎረቤት ቃላትና የአነጋገሩ ደረጃ ይሰፍራሉ። በቀን ከ10 ካርድ በላይ መጨመር የክለሳውን ክምር ያበዛና ያስቆማል። ክለሳው በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ሲሆን፣ የተረሳው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ፈሊጥ ከሆነ ቅርጹ እንደማይነካ ይመዝገብ፤ ሞተ ለማለት «ባልዲውን ረገጠ» ሲባል ባልዲው ወደ ብዙ ቁጥር ከተቀየረ ፈሊጡ ይፈርሳል። ኃይለኛ ዝናብ ጣለ ለማለት ድመትና ውሻ ዘነበ የሚለውም በመማሪያ መጻሕፍት የሚወደደውን ያህል በእንግሊዞች አፍ አይዘወተርም።

በመጨረሻ የሚቀሩት የመልካም ምኞት ቃላት ናቸው። ቱርካዊ ለሠራተኛ «ኮላይ ጌልሲን»፣ ሥራው ይቅለልህ፣ ይላል፤ ምግብ ላበሰለች «ኤሊኔ ሳልክ» ይላል፣ የእኛው እጅሽ ይባረክ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አቻ የለውም። ቃል በቃል ከመተርጎም ለሠራተኛው ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ፣ ለምግቡ ደግሞ «ጣፋጭ ነበር፣ አመሰግናለሁ» ማለት ይሻላል።