ዳገትና ቁልቁለት ላይ በክሪክ ጎማ ስንቀይር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎሃ ፅዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ጎማ ፈንድቶበት ጥግ የያዘ መኪና ማየት የተለመደ ነው። ሹፌሩ ክሪክ ያስገባል፣ ረዳቱ ሥር ይገባል። ያኔ የሚባሉ፣ ግን ሰው የሚያስጨርሱ ነገሮች አሉ።

«የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ ማርሽም አስገብቻለሁ፤ የት ይሄዳል?»

ይሄዳል! እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉ የጭነት መኪኖችና በቆዩ ላንድክሩዘሮች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። በአንድ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሳ ዘንጉ እንደተያዘ ቢቆምም፣ ዲፈረንሻሉ (የዘንጉን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) የተነሳውን ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መሬት የረገጠውን ወደ ሌላው እንዲዞሩ ይለቃቸዋል። ማርሽም የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ስለሆነ አያድንም። መኪናው ይንከባለላል፣ ክሪኩ ይጋደማል።

የሚያስቆመው ታኮ፣ ማለትም ጎማ ሥር የሚገባ መወጠሪያ ነው። መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ሥር፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ክሪኩ ከመነሳቱ በፊት ጥብቅ ብሎ ይግባ። ታኮ ከሌለ ጠርዝ ያለው ትልቅ ድንጋይ ይሁን፤ ድቡልቡሉ አብሮ ይንከባለላል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እባካችሁ ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሱት። በሌሊት ለሚመጣ ባለሞተር ሞት ነው።

«ክሪኩ 20 ቶን ያነሳል፣ ሥሩ ብገባ ምን አለበት?»

ቁጥሩ የማንሳት አቅሙን እንጂ ይዞ መቆየቱን አይናገርም። የዘይት ክሪክ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) ካረጀ ጭነቱን ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም ባንዴ ይለቃል። ቢያንስ ትርፍ ጎማውን ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አካል) ሥር አጋድሙት፤ የወለቀውንም እዚያው ጨምሩበት።

«መሬቱ ከለሰለሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል»

ዝናብ የጠጣ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ ድንጋዩ በአንድ ጎን ይሰምጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ ብረት ደግሞ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ሰፊና ወፍራም ጣውላ ያዙ። ክሪኩ ካጋደለ አውርዳችሁ እንደገና አስተካክሉ፤ በመዶሻ እየመታችሁ ለማቃናት አትሞክሩ።

«ብሎኑ የሚላላው መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው»

ቀድሞ ነው። በተነሳ መኪና ላይ መፍቻውን መታገል መኪናውን ከክሪኩ ይገፋዋል።

«የፈነዳ ጎማ አንድ ሜትር አይነዳም»

ጎማው እንዳይበላሽ ተብሎ ቁልቁለት ላይ መቆም ትልቁ ስህተት ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ሜዳ ካለ፣ አደጋ ማመልከቻ መብራት አብርቶ በሰው እርምጃ ፍጥነት እዚያ መድረስ ይሻላል። ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው አይሱዙማ ጭነቱ ከባድ ካልሆነ በቀረው ጎማ ያን ያህል ይሄዳል። ጎማም ቸርኬም (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) በገንዘብ ይገዛል።